ሴት ላሳደገቻት ልጄ አባት ስለ ተገኘላት የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ ርዕሰ መምህር፣ እንዲሁም ለሚመሩት የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አባላት በሙሉ፤
ስሙን ከአክብሮት ብዛት ለማልጠራው የከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤
ጎንደር።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ከጥምቀት የተረፈው ብርድ ጉሮሮዎን እንዳልያዘው፣ ወደ ቢሮዎ የሚያወጣው ደረጃም ጉልበትዎን እንዳላደከመው ተስፋ አደርጋለሁ። ደረጃውን በዚህ ዓመት ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ወጥቼ፣ አሥራ አንድ ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ስለ ወረድሁ፣ ክብደቱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። እግዚአብሔር ስብሰባዎን ይባርክልዎ።

እኔ ሸዋአየሁ አድማሴ እባላለሁ፤ የአዘዞ ነዋሪ ነኝ። በመሥሪያ ቤቶች መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥና ወደ ፋይል ሳስገባ አሥራ ስድስት ዓመት የኖርሁ ሴት ስለ ሆንሁ፣ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ አላጣውም፤ እንዴት ሳይነበብ እንደሚቀመጥም እንዲሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ የፀደንያ ጌትነት እናት ነኝ። በዚህ መጠሪያዬ ላይ «ብቻ» የሚለውን ቃል ጨምራችሁ «እናት ብቻ» ያላችሁኝ እናንተ ናችሁና ስለ ማዕረጉ አመሰግናለሁ።

ይህን በአደባባይ የምጽፍበት ምክንያት አጭር ነው። የብሔራዊ ፈተናው ምዝገባ የፊታችን ዓርብ ይዘጋል። ልጄ ከትምህርት ቤት ከቀረች ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው፤ ከፋይሏ ውስጥ አንዲት ወረቀት ሳትወጣ የግቢውን በር አልረግጥም ብላለች። ከዚህ ቀደም የጻፍሁልዎ ደብዳቤ ጆሮ ዳባ ልበስ ስለ ተባለ፣ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በቢሮዎ በር ላይ ስለ ተለጠፈው ሰንጠረዥ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። «የጠበኛ ተማሪዎች ብዛት በጾታና በቤተሰብ ሁኔታ» ይላል። ለዚሁ ጥናት ሲባል ለወላጆች መጠይቅ ተልኮልን ነበር፤ እኔም በጥቁር እስክሪብቶ ሞልቼ በማግሥቱ መልሻለሁ። ውጤቱ ሲለጠፍ ታዲያ «ሴት» በሚለው ረድፍ፣ «ከእናት ብቻ ጋር የምትኖር» በሚለው ዓምድ ሥር አንዲት ጭረት ብቻ ተሠምራ አየሁ። ያቺ ጭረት ልጄ ናት። ስሟ ስላልተጻፈ ምስጢሯ እንደ ተጠበቀ የተማሪ ጠባይ ተቆጣጣሪው ዩኒት ሊደር ነግረውኛል፤ ነገር ግን ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ሕፃናት ድረስ ጭረቷን በስሟ ይጠሯታል። «ሴት ያሳደገቻት» የሚለውን የቆየ ስድብ የሠፈር ሰው ሲወረውርብን ኖሯል፤ በማስመሪያ አሥምሮ፣ ማኅተም አድርጎ የሰጠን ግን የእርስዎ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ነው።

በዚያው ሰንጠረዥ ላይ «ከአባትና ከእናት ጋር የሚኖር ወንድ» የሚለው ዓምድ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እንዴት ነው ይህ ሁሉ ሰላም፣ ባለፈው ወር እንኳ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ የአንዱ ልጅ ጥርስ ወልቆ የለም ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ዩኒት ሊደሩ በትዕግሥት አስረዱኝ። የሁለቱም ልጆች አባቶች መጥተው ስለ ተጨባበጡ ነገሩ «ጨዋታ» ተብሎ ተመዝግቧል አሉኝ። ስለዚህ በትምህርት ቤትዎ አባት ያለው ልጅ አይደባደብም፤ ይጫወታል ማለት ነው። ይህን ሳላውቅ በመኖሬ አፍራለሁ።

ሁለተኛ፤ ልጄ ስለ ፈጸመችው ጥፋት። ጥፋት መሆኑን አልክድም። ከክፍሏ ልጆች አንዱ፣ ስሙን አልጠራውም፣ እሱም የሰው ልጅ ነው፣ ከመስከረም ጀምሮ ደረጃው ላይ እየጠበቀ ሹሩባዋን ይጎትት ነበር። ሄዳ አመለከተች። «ስለሚወድሽ ነው» ተባለች። ቀጥሎ ቦርሳዋን እየነጠቀ፣ በጓደኞቹ ፊት የማይነካ ገላዋን ይነካ ጀመር። ደግማ አመለከተች። ደረጃውን የምትወጣበትን ሰዓት እንድትቀይር ምክር ተለገሳት፤ እርሷም ታዛዥ ናትና ቀየረች። እሱም ቀየረ። በሦስተኛው ወገቧን ይዞ ግድግዳው ላይ ሲያጣብቃት ግን ቦርሳዋን አወናጨፈች፤ የኮምፓሷ ሳጥን ከንፈሩን አገኘውና ሁለት ቦታ ተሰፋ።

የልጁን እናት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አብረን ተቀምጠን አልቅሰናል። አባት ስላለበት ስለዚያ ቤት የነገረችኝን ግን እዚህ አልጽፈውም፤ አንድም አደራ ነው፣ አንድም በሰንጠረዥዎ ላይ ዓምድ የለውም።

የተከበረው ኮሚቴ በበኩሉ «ከሴት ልጅ የማይጠበቅ ጭካኔ» ሲል መዘገበ። ከወንድ ልጅ የሚጠበቀው ስንት እንደ ሆነ ቃለ ጉባኤው ስላልገለጸው ለማወቅ አልቻልሁም። ልጁ አይዞህ ተባለ። ልጄ አባቷን እስክታመጣ ድረስ ከትምህርት ገበታ ታገደች።

ሦስተኛ፤ ስለዚሁ «አባት አምጪ» ስለ ተባለው ነገር። እኔ እናቷ በማግሥቱ ቀርቤ ነበር። መታወቂያ ተጠየቅሁ፤ አቀረብሁ። የፍቺ ወረቀት ተጠየቅሁ፤ አቀረብሁ። ከቀበሌ «አሳዳጊ መሆኗ ይረጋገጥ» ተባለ፤ ያሳደግኋት ልጅ አጠገቤ ቆማ እያለ ተሰልፌ አስመሰከርሁና እሱንም አቀረብሁ። በመጨረሻ እናት ብቻዋን መፈረሟ «ለአሠራር አይመችም፤ እንዲህ ያለውን ልጅ የሚገራው የአባት ቁጣ ነው» ተባልሁ። እኔም ወደ ቤቴ ተመልሼ፣ በሙያዬ የምኮራውን ያህል አሳምሬ ደብዳቤ ጻፍሁልዎ።

በዚያ ደብዳቤ የልጄ አባት ለምን እንደማይመጣ ገልጫለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሳንጃ ከተማ፣ ይሠራበት በነበረው የሰሊጥ መጋዘን በር ላይ፣ በሠራተኞች ፊት እንዴት እንደ መታኝ፣ ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ እንደ ነበረና እጄን ይዛ «እማ፣ ተነሽ» ትለኝ እንደ ነበር፣ በማግሥቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ከአንዲት ቦርሳ ጋር እንዴት እንደ ወጣን ጽፌያለሁ። ለወለደችኝ እናቴ ያልነገርሁትን ለትምህርት ቤትዎ የገቢ ደብዳቤ ቁጥር ነገርሁት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን እጅ እንዳልተነሣም ጨመርሁበት። ከሳምንት በኋላ ልጄ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ አየኋትና ምን ተገኘ ብላት «መለሱኝ» አለችኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ደብዳቤዬ ተነበበ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሻማ ይዤ ሄድሁ፤ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼም በደንብ የተጻፈ ደብዳቤ ዛሬም ይሠራል ስል ሰበክሁ። ቂልነቴን ይቅር ይበሉኝ።

አራተኛውን እንደ ሌሎቹ በወግ ማቅረብ እቸገራለሁ፤ ቢሆንም እሞክራለሁ።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን ከሰዓት በኋላ አያ አስማረ ቤቴ መጡ። አያ አስማረ በሠፈራችን ወፍጮ ቤት እህል የሚሸከሙ፣ ከድብ ባሕር ለሥራ የወረዱ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ ገበሬ ናቸው፤ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን አገር ቤት ትተው ነው የመጡት። ጤፋችንን እስከ በር ድረስ ያደርሱልናል፤ ልጄም ውሃ ትሰጣቸዋለች። ከዚህ የበለጠ ዝምድና የለንም። ተቀመጡ ብላቸው አልቀመጥም አሉ። ጋቢያቸውን እንደ ጥፋተኛ አደግድገው፣ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «እቴ ሸዋአየሁ፣ ልጅሽን መትቻታለሁና ይቅር በይኝ» አሉኝ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ልጄ አባት አምጪ ብትባል ጊዜ እሳቸውን ለምና ኖሯል። እሳቸውም እንዳሉት «ፊርማ ብቻ ናት አለችኝ፤ ሸጋ ልጅ ናት፣ ምነው እምቢ እላታለሁ? ለነፍሴ ይሆነኛል አልሁ።» ከጎረቤት የተሻለ ጋቢ ተውሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ቢሮዎ ገቡ። ማንም መታወቂያ አልጠየቃቸውም፤ ጋቢውና ዱላው በቂ ሆነ። ማንም ስምዎ ማን ነው አላላቸውም፤ ከፋይሉ ላይ «አቶ ጌትነት» ተብለው ተጠሩ፤ እሳቸውም አቤት አሉ። አያ አስማረ ፊደል አልቆጠሩም፤ ይህ ነውራቸው አይደለም። በማያነቡት ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን እንዲያኖሩ ተደረገ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ የእኔ ፊርማ ያልበቃበት ቦታ ላይ የእሳቸው አሻራ በቃ።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ስቄ በተውሁት ነበር። ነገር ግን ከኮሚቴው አባላት አንዱ «እንግዲህ እኛን ሕጉ አስሮናል፤ ተማሪ መምታት ክልክል ነው። አንተ ግን አባት ነህ» አሉ። ከዚያም አራት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ የተማሩ ሰዎች፣ በግድግዳው ላይ «ከጥቃት ነፃ የሆነ ትምህርት ቤት» የሚል ጽሑፍ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ። እርስዎም ነበሩ፤ ለካስ ስብሰባው ይህ ኖሯል። አያ አስማረ ያሉኝን ቃል በቃል ላስፍረው፦ «ዝም ብለው ያዩኛል፣ እቴ። ካልመታኋት አባቷ አለመሆኔን ያውቁብኛል ብዬ ፈራሁ።»

በጥፊ መቷት። በሕይወታቸው የራሳቸውን ልጆች መትተው አያውቁም። ከኮሚቴው «ተባረክ! ይኸው፣ አባት ማለት ይህ ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ልጄም ክፍሏ እንድትገባ ተፈቀደላት። እሳቸው ሲወጡ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ እንደ ነገሩኝ አጽናንታ ያስነሣቻቸው ልጄ ናት።

ለምን ይህን ያህል ቆይተው እንደ መጡ ጠየቅኋቸው። ነገሩን ደብቀው ሊኖሩ ነበር። ነገር ግን ዩኒት ሊደሩ በገበያ አግኝተዋቸው፣ «አቶ ጌትነት» ብለው ትከሻቸውን ስመው፣ በመጪው የወላጆች በዓል ላይ «የአባት ሚና በልጆች ጠባይ» በሚል ርዕስ ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ ጋበዟቸው። ይህን መሸከም አቃታቸው። ኩንታል የሚሸከሙ ሰው ናቸው።

የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ አግኝቻለሁ፤ እንዴት እንዳገኘሁት አይጠይቁኝ፤ መዝገብ ቤቶች እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን። «አባት በአካል ተገኝተው ተገቢውን ምክር ስለ ለገሱና የተማሪዋ የቤተሰብ ሁኔታ የተስተካከለ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ እገዳው ተነሥቷል» ይላል። ጥፊ «ተገቢ ምክር» ተብሎ ሲጻፍ በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ ቃላት አመራረጥዎን አደንቃለሁ። ከዚያም በርዎ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ሄጄ አየሁት። የልጄ ጭረት ተፍቃለች። አባት ስለ ተገኘላት፣ እሷም ተጫውታ ኖሯል።

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ እስካሁን የጻፍሁትን በምፀት ጽፌዋለሁ፤ ይህን ግን አልችልም። አያ አስማረ የሄዱ ዕለት ልጄን አስቀምጬ ለምን አልነገርሽኝም አልኋት። እሷም መልሳ ጠየቀችኝ፦ «እማ፣ አንዲት ጥፊ ይህን ሁሉ ካስተካከለች፣ አባዬ ልክ ነበር ማለት ነው?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስተማርኋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚመታ ሰው ልክ አይደለም የሚል። ከሳንጃ የወጣሁት ለዚህ ነው፤ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት የተንከራተትሁት ለዚህ ነው፤ ወንድሞቼ ታረቂ ሲሉኝ እምቢ ብዬ የተቀየምኋቸው ለዚህ ነው። እናንተ ይህንን በአንድ ቀን፣ በአምስት ሰው ፊት፣ በቃለ ጉባኤ አፈረሳችሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጽሐፍ አልነካችም። ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ አልጋዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ማታ ታወልቀዋለች። እኔ ሥራ ቦታ ሆኜ የሰው ፋይል ገልጬ ፊደሉ ይጠፋብኛል። ልጄ እየጠፋችብኝ ነው፤ ምን ላድርግ? ሌላ የምሄድበት በር የለኝም።

አውቃለሁ፤ ሐሰተኛ አባት ማምጣቷ ማታለል ነው፣ ለዚህም ልትቀጡን ትችላላችሁ። ይህን ደብዳቤ በመጻፌ ራሷን አጋልጫታለሁ። ተማክረንበታል። «ጻፊው» ያለችኝ እሷ ናት። በዚያች ወረቀት አባት አግኝታ ከምትፈተን፣ እውነቱ ተነግሮ ብትባረር ትመርጣለች። እኔ ግን እናት ነኝና እንዲህ ያለ ጀግንነት የለኝም፤ ሁለቱንም እፈልጋለሁ። ስለዚህ በእግዚአብሔር ስም እለምንዎታለሁ፦ ያቺን አሻራ ያረፈባትን ወረቀት ከፋይሏ ያውጡልኝ። ጉዳዩን እንደገና ይስሙት፤ ደረጃው ላይ የሆነውንም ጭምር። ስለ ልጁ ከንፈር የሚገባትን ቅጣት ይስጧት፤ እሷም ትቀበላለች። በወላጅ ቦታ ላይ እኔ ልፈርም። ዓርብ ከመድረሱ በፊት ያስመዝግቧት። ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ፤ ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ አልወርድም።

ጊዜዎን በመሻማቴ ታላቅ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለልጄ ሳልፈልግላት አባት፣ ለአያ አስማረ ሳይመኙት ስም፣ ለኮሚቴው ሳይለፋበት መፍትሔ ስላስገኙ፣ ውለታዎን ከፋይ ፈጣሪ ነው በማለት፣ ሁልጊዜ በትሕትና የምታከብርዎ፣

ሸዋአየሁ አድማሴ
የፀደንያ እናት (ብቻ)
አዘዞ

ግልባጭ፦
— ለአያ አስማረ፤ ወፍጮ ቤት (በቃል የሚነበብላቸው)
— ለፀደንያ ጌትነት፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ

ማሳሰቢያ፦ ለጥናቱ የሞላሁት መጠይቅ ስሕተት ስላለበት እንዲታረምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በተራ ቁጥር ሰባት «ባለፉት ዓመታት ልጅዎ በወላጅ ተመትቶ ያውቃል?» ለሚለው «አያውቅም» ብዬ ነበር። አሁን «አዎ፣ አንድ ጊዜ» ተብሎ ይስተካከል። «የት?» ለሚለው ደግሞ «በርዕሰ መምህሩ ቢሮ» ብላችሁ ጻፉልኝ።